ምላሴን ማመን ያቃተኝ ጊዜ

የመጀመሪያው ምልክት ደም ነበር። ትንሽ ነው። አንድ ጠዋት ሽንት ቤት ውስጥ አየሁትና «ኪንታሮት ነው» ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ቀኑን ሙሉ ቆሞ ለሚውል ሰው ኪንታሮት ብርቅ አይደለም። እኔ አዳማ ላይ ዓሣ ሻጭ ነኝ፤ ከባቱ ሐይቅ የሚመጣውን ቆሮሶና አምባዛ ከበረዶ ሳጥን እያወጣሁ፣ ቅርፊቱን እየፋቅሁ፣ ሥጋውን ከአጥንቱ እየለየሁ ዕድሜዬን የጨረስኩ ሴት ነኝ። ስለዚህ ደሙን አይቼ ዝም አልኩ። እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ ለማን ይነገራል?

ከደሙ ቀጥሎ ድካም መጣ። በፊት ብቻዬን አንሥቼ የማስገባውን ሳጥን መሃል ላይ እያስቀመጥኩ ማረፍ ጀመርኩ። ሆዴ አንድ ሰሞን ይደርቃል፣ አንድ ሰሞን ይለቃል። መድኃኒት ቤት ሄጄ የአሜባ መድኃኒት ገዛሁ። ዋጥኩት፤ ለውጥ የለም። ደግሜ ገዛሁ። አብራኝ የምትሠራው ታናሽ እህቴ፣ ሙሉ ትባላለች፣ አንድ ቀን በር ላይ በፀሐይ ብርሃን ፊቴን አየችና «እትዬ፣ ከንፈርሽ እኮ ነጥቷል» አለችኝ። እምቢ ብላትም እጄን ይዛ በባጃጅ ሐኪም ቤት አስገባችኝ።

ሄሞግሎቢኔ ወርዶ ነበር። የመረመረኝ ሐኪም ውጤቱን አይቶ «ይህን ያህል ደም ዝም ብሎ አይጠፋም፤ ከውስጥ የሚፈስበት ቦታ አለ» አለኝና ወደ አዲስ አበባ ላከኝ። እዚያ ኮሎኖስኮፒ ተደረገልኝ፤ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ ከታች አስገብተው ትልቁን አንጀት የሚያዩበት ምርመራ ነው። በዚያው ለባዮፕሲ የምትሆን ቁራጭ ሥጋ ወሰዱ። ውጤቱ የወጣ ቀን እኔን ኮሪደር ላይ አስቀምጠው ባለቤቴን ግርማን ብቻውን ጠሩት። በሩ ገርበብ ያለ ነበር፤ ድምፅ ይሰማል፣ ቃሉ አይለይም። ሲወጣ ፊቱን ታጥቦ ነበር።

እኔ በተፈጥሮዬ ሰው ቶሎ አላምንም። ንግዱም አባሰብኝ፤ የትናንትናውን ዓሣ የዛሬ ነው ብሎ የሚምልልኝ ሰው ሳይ ነው የኖርኩት። ግርማን ደግሞ አውቀዋለሁ። ወንጂ ስኳር ፋብሪካ መካኒክ ነበር፤ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ቤት ነው የሚውለው። የሚዋሽ ሰው ዓይኑን ያሸሻል ይባላል። ግርማ ሲዋሽ እጁን ነው የሚያየው።

«አንጀትሽ ላይ ቁስል አለ። ተቆርጦ ይወጣል፤ በቃ» አለኝ።

«ቁስል ብቻ?»

«ቁስል ብቻ።»

እጁን ያይ ነበር።

ቤት ከተመለስን በኋላ ሁሉም ነገር ተለወጠ። ግርማ ስልክ ሲደወልለት ግቢ ወጥቶ ማውራት ጀመረ። ቴሌቪዥን ላይ ስለ ጤና ሲወራ ጣቢያ ይቀይራል። ዓመት በዓል ሳይሆን ከመተሐራ የግርማ ዘመዶች ዕንቁላል ይዘው መጡ፤ ከእነሱ አንዷ ዕቃ ላጥብ ብላ ገብታ ዓይኗ ቀልቶ ወጣች። ሁለቱ ልጆቻችን ሌላ ከተማ ነው የሚሠሩት፤ እነሱም ሳይጠሩ በአንድ ሳምንት መጡ። ሙሉ ደግሞ ከእኔ ጋር መጨቃጨቅ አቆመች። ከሁሉ ያስፈራኝ ይህ ነው። ሙሉ ከጤነኛ ሰው ጋር ሁሌም ትጨቃጨቃለች።

ኦፕራሲዮን ተደረግሁ። ከትልቁ አንጀቴ ቆርጠው አወጡ። ስነቃ አፌ ደርቋል። ሆዴ ላይ ድንጋይ የተጫነ መሰለኝ። መሳል አልችልም። መሳቅ አልችልም። ማልቀስም ያማል። ነርሷ በየቀኑ «ጋዝ ወጣ?» ትለኛለች። ሰው በዚህ ዕድሜው ፈስ ወጣለት ተብሎ ይመረቃል? እኔ ተመረቅሁ። ግርማ እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ አመሰገነ። ያኔ ትንሽ ሳቅሁ፤ ስፌቱ አንገበገበኝ።

ቁስሉ ከዳነ በኋላ «ማጠናከሪያ መድኃኒት በጉሉኮስ ትወስጃለሽ» አሉኝ። ለዚሁ እንደገና አዲስ አበባ ሄድን። ተራ ይዘን ስንቀመጥ አጠገቤ ሻርፕ ያሰረች ሴት ነበረች። ቅንድብ የላትም።

«ያንቺ የት ነው?» አለችኝ።

«አንጀት ላይ። ቁስል ነበረብኝ።»

ሴትየዋ አየችኝ። ከዚያ ግርማን አየችው። ከዚያ ወደ መሬት አየች። እኔም ሌላ አልጠየቅኋትም። በዚያ ኮሪደር የተቀመጡትን ሰዎች አንድ በአንድ አየኋቸው። ሻርፕ። ኮፍያ። የከሳ ጉንጭ። እኔ የምቀመጥበት ቦታ ነው።

ተራችን ደርሶ ገባን። ልጅ እግር ሐኪም ነው፤ ድምፁ ዝግ ያለ። ሰላም ብሎ ፋይሌን ከፈተ።

«ዶክተር፣ ካንሰር ነው?» አልኩት።

ግርማን አየው።

«እሱን አይዩት፤ እኔን ይዩኝ» አልኩት። «የተቀደደው የእኔ ሆድ ነው።»

ሐኪሙ ፋይሉን ዘጋውና ወንበሩን ወደ እኔ አዞረ። «አዎ» አለኝ። «የትልቁ አንጀት ካንሰር ነው። ደረጃ ሦስት ነው። ዕጢው ወጥቷል። ግን አጠገቡ ካሉት ንፍፊቶች አንዳንዶቹ ውስጥ ስለተገኘ፣ በዓይን የማይታይ ቀርቶ እንዳይሆን ኬሞቴራፒ እንሰጥዎታለን። የምንሰጥዎት ለማዳን አስበን ነው።»

ማልቀስ ነበረብኝ ይሆናል። አላለቀስኩም። ደረቴ ላይ የነበረው የሆነ ነገር ቀለለ። ለወራት የማየውን ጥላ ሌላውም ሰው እንደሚያየው ተረጋገጠልኝ። ወደ አዳማ የተመለስነው በፈጣን መንገዱ ነው። ሞጆ ጋ ስንደርስ ግርማ «እንዳትደነግጪ ብለን ነው» አለ። «ማን ነው የደነገጠው?» አልኩት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ማንንም ማመን አቃተኝ። አንዴ የዋሸ ሌላውንስ ለምን አይዋሽም? «ለማዳን» ያለኝ ሐኪምስ እውነቱን ነው? የሚሰጠኝን ክኒን ስውጥ እሽጉን አገላብጬ አያለሁ። ሰው ሊጠይቀኝ መጥቶ ረጅም ጊዜ ከተቀመጠ «ሊሰናበተኝ ነው» እላለሁ። ቶሎ ከሄደም «የማልድን መሆኔን አውቆ ነው» እላለሁ።

የምወስደው መድኃኒት ሁለት ዓይነት ነበር። አንዱ በደም ሥር የሚንጠባጠብ፣ ኦክሳሊፕላቲን የሚባል፤ ሌላው ቤት ውስጥ ጠዋትና ማታ ከምግብ በኋላ የሚዋጥ ካፔሲታቢን የሚባል ክኒን። ሐኪሙ የመጀመሪያውን ሲጀምርልኝ «ለጥቂት ቀናት ቀዝቃዛ ነገር አይንኩ፣ አይጠጡ፣ ቀዝቃዛ አየርም አይተንፍሱ» አለኝ። የአዳማ ሰው ነኝ፤ ቀዝቃዛ አየር የት አውቃለሁ? አጋነነ አልኩ።

ከሐኪም ቤቱ ስንወጣ አዲስ አበባ ዘንቦ ነበር። ንፋሱ ፊቴን መታኝ። ጉሮሮዬ ተዘጋ። አየር የለም። የግርማን ክንድ ያዝኩ። መናገር አልቻልኩም። ሞትኩ አልኩ። አንዲት ነርስ ከኋላችን ሮጣ ደረሰች። «ይተንፍሱ። አየሩ ይገባል፤ የተዘጋ የሚመስለው ስሜቱ ነው። አፍዎን ይሸፍኑ» ብላ ነጠላዬን አፌ ላይ አደረገችልኝ። የራሴ ትንፋሽ ሞቀኝ። ቀስ እያለ ተከፈተ። እውነቷን ነበር። ያቺን ነርስ ከዚያ በኋላ አላየኋትም።

ቤት ስደርስ ፍሪጅ ልከፍት እጀታውን ስይዝ ጣቶቼን ኤሌክትሪክ እንደነካኝ ሆንኩ። የጠዋት የቧንቧ ውሃም እንደዚያው። አዳማ ያን ጊዜ ቆርቆሮው በሙቀቱ ይንጣጣል፤ ጎረቤቱ ሁሉ በረዶ የሠራ ለስላሳ እየጠጣ ደጅ ይቀመጣል፤ እኔ ጓንት አድርጌ ከፔርሙዝ ለብ ያለ ውሃ እየቀዳሁ እጠጣለሁ። ላብ በጀርባዬ ይወርዳል፣ ቀዝቃዛ ውሃ ግን ጠላቴ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ለሰው ቢነግሩት ማን ያምናል?

ከሁሉ የከበደኝ ሱቁ ነው። ትንሽ በረታሁ ስል ተደብቄ ሄድኩ። ሙሉ ሳታየኝ እጄን በረዶ ሳጥን ውስጥ ከተትኩ። ጮህኩ። ቆሮሶው ከእጄ ወድቆ መሬት ላይ ተንሸራተተ። ሙሉ ሮጣ መጥታ እጄን በቀሚሷ ጠቀለለችው። ሐኪሙም በኋላ ሲሰማ «የዓሣ እሾህ ቢወጋዎት፣ ነጭ የደም ሴልዎ ወርዶ እያለ፣ ከጭረቷ ኢንፌክሽን ይገባል። እስክንጨርስ ዓሣ አይንኩ» ብሎ ከለከለኝ።

ሱቁን ሙሉ ያዘችው። ከባቱ ዓሣ የሚልክልን ኦቦ ቱፋ ድሮ የሚደውለው ለእኔ ነበር፤ «አካም ጅርታ፣ አዴ»፣ እንዴት ነሽ ወይዘሮ፣ ብሎ በኦሮምኛ ይጀምርና ሐይቁ ሸጋ ውሎ እንደሆነ፣ አምባዛ ወይ ቆሮሶ እንደበዛ ይነግረኛል። አሁን ለእሷ ሆነ የሚደውለው። አንድ ቀን በባጃጅ ሳልፍ ሁሌ የምቀመጥበት በርጩማ ከቦታው የለም። ልቤ መጥፎ ነገር አሰበ። ማታ ስትመጣ «ወንበሬን የት አደረግሽው?» አልኳት።

«ወደ ውስጥ አስገባሁት» አለች። «ባዶውን ያየ ደንበኛ ሁሉ ‹እሷ እንዴት ሆነች?› እያለ ይጠይቀኛል። ስለ አንቺ ባወራሁ ቁጥር እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ቢላ ይዤ ነው የምሠራው።» ቀጥላም «ለኦቦ ቱፋም ንገሪው፤ እኔን ‹አዴ› ማለት ጀምሯል፣ አሮጊት አስመሰለኝ» አለች። የዚያን ቀን ተጨቃጨቀችኝ። ደስ አለኝ።

ስለ ዕለት ኑሮዬ የምነግራችሁ እናንተም በዚሁ መንገድ ላይ ያላችሁ እንድትጠቀሙበት ነው። የአዳማን ሙቀት ሽሽት ሥራዬን በሙሉ ወደ ማለዳ አመጣሁት። ቀትር ላይ መጋረጃ ዘግቼ እተኛለሁ፤ ፀሐይ ሲበርድ ግርማን አስከትዬ እስከ አስፋልቱ ድረስ በዝግታ እሄዳለሁ። ክኒኑ መዳፍና የእግር ሥር ያቀላል፣ ይልጣልም፤ ስለዚህ ማታ ማታ ቫዝሊን ቀብቼ ስስ የጥጥ ካልሲ አደርጋለሁ፤ ጠባብ ጫማ ተውኩ፤ በፈላ ውሃ ዕቃ ማጠብ ተውኩ። ሰላጣና ጥሬ ነገር ተከለከልኩ። ሙዝ፣ ፓፓያ፣ ልጣጩ የሚነሣ ፍሬ ብቻ። ብረት ማንኪያ አፌ ላይ ዝገት ሆነብኝና በእንጨት ማንኪያ መብላት ጀመርኩ። የሚስል ሰው ከመጣ በመስኮት ነው የምናወራው፤ የተቀየመ ይቀየም። ጾም ሲገባ የንስሐ አባቴን ጠየቅኋቸው፤ «ልጄ፣ አሁን ጾምሽ መድኃኒትሽን በሰዓቱ መዋጥ ነው። ዕንቁላልሽን ብይ» አሉኝ። ትኩሳት መለኪያ ትራሴ ሥር አለ። ሠላሳ ስምንት ከደረሰ ሳያመነቱ ሐኪም ቤት ነው፤ እስኪነጋ የለም፣ ፓራሲታሞል ልዋጥና ልየው የለም።

በመካከሉ ግርማ ተለወጠ። ድሮ ውሃ ለራሱ ቀድቶ የማይጠጣ ሰው ጠዋት ጠዋት ኩሽና መግባት ጀመረ። አጥሚት ይሠራልኛል። በትንሽ ድስት፣ ለብቻው፤ በኩባያ አድርጎ አልጋዬ ድረስ ያመጣልኛል። እስክጨርሰው ድረስ አይሄድም።

መጀመሪያ ተደሰትኩ። ኋላ ግን መጠርጠር ጀመርኩ። አጥሚቱ ይመራል። ነገር ግን ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ይመረኛል፤ እንጀራው፣ ውሃው፣ የራሴ ምራቅ። ምላሴን ማመን አልችልም። «ይመራል» ስለው «መድኃኒቱ ነው፤ ዶክተሩ ምን አለሽ?» ይለኛል። እውነቱን ነው፤ ዶክተሩ እንዲያ ብሏል። እኔም ዓይኔን ጨፍኜ እጠጣዋለሁ።

ለሚቀጥለው የኬሞ ዙር ስንሄድ እንደ ልማዱ ደም ሰጠሁ። ሐኪሙ ውጤቱን አይቶ ቆየ። ደግሞ አየው።

«ዛሬ መድኃኒቱን አንሰጥዎትም» አለኝ። «ጉበትዎ ተቆጥቷል። ኤ.ኤል.ቲ. የሚባለው ብዙ ጨምሯል። ኬሞው ራሱ እንዲህ ሊያደርግ ይችላል። በዚህ ፍጥነት ግን አልጠበቅሁም። የባህል መድኃኒት ወስደዋል?»

«አልወሰድኩም።»

«ጠበል፣ ማር ውስጥ የተቀላቀለ፣ ዱቄት፣ ሥር... ምንም?»

«ምንም።»

አየኝ። አላመነኝም። ብዙ ሰው እንደሚዋሸው ከፊቱ አወቅሁ። እኔ፣ ሰው ሁሉ ይዋሸኛል የምለው፣ ውሸታም ሆኜ እዚያ ተቀመጥኩ። ወደ ግርማ ዞርኩ።

እጁን ያይ ነበር።

ጥርጣሬዬን ይዤ ቤት ገባሁ። በማግሥቱ ጠዋት አጥሚቱን አመጣልኝ። «ሲበርድ እጠጣዋለሁ፤ ዛሬ ማቅለሽለሹ በርትቶብኛል» አልኩት። ቆሞ ጠበቀ። ሙሉ ወደ ሱቅ ስትሄድ በየማለዳው ታየኛለች፤ ስትገባ ኩባያውን ሰጠኋት።

«ቅመሽው።»

አንድ ጊዜ ተጎነጨች። መዳፏ ላይ ተፋችው። «ምንድን ነው ይሄ? እንደ ኮሶ ነው የሚመረው! አጃ እንዲህ ይመራል እንዴ?»

ግርማ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«ምን ጨመርክበት?» አልኩት።

ኩባያውን ከእህቴ እጅ ተቀበለ።

«ግርማ፣ ምን እያጠጣኸኝ ነው?»

«መድኃኒት ነው» አለ። «አርሲ ነገሌ አንድ ሰውዬ አለ። ብዙ ሰው አድኗል ብለው ነገሩኝ። ራሴ ሄጄ ነው ያመጣሁት።»

«ሳትነግረኝ?»

«ብነግርሽ እንቢ ትያለሽ።»

«አዎ፣ እንቢ እላለሁ!»

ያን ጊዜ ተነሣ። በትዳራችን ግርማ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ የሰማሁት ጥቂት ጊዜ ነው። «አባቴን ወንጂ አይቻለሁ!» አለ። «በእግሩ ሄዶ ኦፕራሲዮን ገባ፤ በሳምንቱ ቀበርነው። ይህ ነገር ቢላ ከነካው ይበረታል ሲሉኝ ኖሬያለሁ። አንቺን ሲቀድዱሽ ደጅ ቆሜ ምን እንዳሰብኩ አታውቂም። እነሱንም አላምንም። ያንንም ሰውዬ አላምንም። ሁለቱም ካሉ አንዱ ቢይዝ ብዬ ነው። ምን ላድርግ? ቁጭ ብዬ ላይሽ?»

ሙሉ ማልቀስ ጀመረች። እኔ ግን ተቆጥቼ ነበር፤ ዛሬም ያ ቁጣ ልክ ነበር እላለሁ። እየተጠነቀቅሁ፣ ፍሬ እየላጥኩ፣ የሚስል ሰው በመስኮት እያነጋገርኩ፣ በየማለዳው በራሴ ቤት ኩባያ የማላውቀውን ስጠጣ ኖሬያለሁ። መሞት ቢሆንም እንኳ እያወቅሁ ልሙት። ያልኩትም ይህንኑ ነው። «መጀመሪያ ስሙን ደበቅከኝ። አሁን መድኃኒቱን። ሰውነቴ እኮ የእኔ ነው፣ ግርማ። እኔ ገና አልሞትኩም።»

የመጨረሻዋን ቃል ስል ፊቱ ጠቆረ። ወደ ኩሽና ሄደና ከቡና ሙቀጫው ኋላ በላስቲክ የተቋጠረ ዱቄት አምጥቶ እግሬ ሥር አስቀመጠ። «የቀረው ይኸው ነው» አለ።

አልጣልነውም። ይዘነው አዲስ አበባ ሄድን፤ ግርማ ራሱ ለሐኪሙ ሰጠው። ይቆጣዋል ብዬ ጠብቄ ነበር። ሐኪሙ ዱቄቱን አሸተተውና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«ውስጡ ምን እንዳለ አላውቅም» አለ። «እርስዎም አያውቁም። ምናልባት ሊጠቅም የሚችል ነገርም ይኖርበት ይሆናል። ግን ከኬሞው ጋር ሲገናኝ ምን እንደሚያደርግ የሚያውቅ ሰው የለም፤ የሚሸከመው ደግሞ የእሳቸው ጉበት ነው። ስላመጡት አመሰግናለሁ። ብዙ ሰው አያመጣም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «ያን ቀን ስላላመንኩዎት ይቅርታ» አለኝ። ሐኪም ይቅርታ ሲለኝ የመጀመሪያዬ ነው።

ዱቄቱ ቆመ። ኬሞውም ለጊዜው ቆመ። እነዚያ ሳምንታት ከባዱ ጊዜዬ ነበሩ። መድኃኒት አልወስድም፤ ታዲያ ውስጤ ምን እየሠራ ነው? ሆዴ ሲያጉረመርም ተመለሰ እላለሁ። ጀርባዬን ሲያመኝ ተሠራጨ እላለሁ። አጥሚቱን ሙሉ ነበር የምትሠራልኝ። ግርማ በር ላይ ቆሞ ያይ ነበር፤ አይገባም፣ አይሄድም።

ጉበቴ ቀስ በቀስ ረገበ። ዱቄቱ ብቻ ነው ያደረገው ብሎ ሐኪሙ አልማለም፤ «ሊሆን ይችላል» ነው ያለኝ፤ ያላወቀውን አላውቅም የሚል ሰው በመሆኑ እኔም እሱን ማመን የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው። ኬሞው መጠኑ ቀንሶ ቀጠለ። ጣቶቼና የእግሬ ሥር እየደነዘዙ ሲሄዱ፣ ሐኪሙ ኒውሮፓቲ፣ የነርቭ ጉዳት፣ ነው ብሎ፣ መጨረሻው ላይ የሚንጠባጠበውን አቋርጦ በክኒኑ ብቻ አስጨረሰኝ። አንድ ቀን ከጎረቤት ወደ ቤት ስመለስ አንዱ ጫማዬ ከእግሬ ወልቆ መንገድ ላይ ቀርቷል፤ ሳይታወቀኝ በአንድ እግር ጫማ ገብቼ ነበር። ሙሉ አይታ እስኪያማት ሳቀች፤ እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ከኋላው ማሰሪያ ያለው ጫማ ነው የማደርገው፤ ማታ ማታም የእግሬን ሥር ቆስሎ እንደሆነ በዓይኔ አያለሁ፤ ስሜቱ ስለማይነግረኝ ዓይኔ ይንገረኝ ብዬ።

ከግርማ ጋር ለመታረቅ ጊዜ ወስዶብናል። አንድ ጠዋት ኩሽና ስገባ አጃውን እያማሰለ አገኘሁት። ቀና ብሎ «እዚህ ሆነሽ እዪኝ» አለኝ፤ በርጩማ ስቦ ምድጃው አጠገብ አስቀመጠልኝ። አጃ፣ ውሃ፣ ጨው፣ ትንሽ ማር። እያንዳንዱን ከፍ አድርጎ እያሳየኝ ጨመረ። ኩባያ ላይ ቀድቶ መጀመሪያ ራሱ ጠጣ፤ ከዚያ ሰጠኝ። ያን ቀንም ለእኔ ይመር ነበር፤ ምላሴ ገና አልተመለሰም ነበርና። ሆኖም ጨረስኩት። ከዚያ በኋላ ሁሌ እንዲህ አድርገን ነው የምንጠጣው፤ እሱ እየሠራ፣ እኔ እያየሁ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ጎረቤቱ፣ ስለ ሐይቁ ዓሣ እያወራን፣ ፀሐይዋ ከመበርታቷ በፊት ባለችው ቀዝቀዝ ያለች ሰዓት።

አሁን ሕክምናዬን ጨርሻለሁ። በየጊዜው ደም እሰጣለሁ፤ ካንሰሩ መመለሱን የሚጠቁም ሲ.ኢ.ኤ. የሚባል ምርመራ አለ፤ ሲቲ ስካንም እነሣለሁ። ባለፈው ሐኪሙ «ለጊዜው ምንም የሚታይ ነገር የለም» አለኝ። ሌላው ሰው «ምንም የለም» የሚለውን ይሰማል፤ እኔ «ለጊዜው» የሚለውን ነው የሰማሁት። ይህ ጥርጣሬ አይለቀኝም፤ እንዲለቀኝም አልጠብቅም። ወደ ሱቄ ተመልሻለሁ፤ ወፍራም ጓንት አድርጌ ሳጥን እከፍታለሁ፤ ቢላውን ግን ለሙሉ ትቼዋለሁ።

በቅርቡ ዓለም ጤና ከምትባለው ከተማ አንዲት ወጣት ሴት ደወለችልኝ። ቁጥሬን የሰጣት ኦቦ ቱፋ ነው። ቤተሰቧ ሽንኩርት አልሚ ነው፤ እናቷ ላይ የእኔው ዓይነት ካንሰር ተገኝቷል። «እባክሽ መጥተሽ አጽናኚያት። ግን ስሙን እንዳትጠሪ፤ እማዬ አልሰማችም» አለችኝ። ስሙን እንደማልጠራ፣ ነገር ግን ከጠየቀችኝ እንደማልዋሽ ነገርኳትና ሄድኩ። እናትየው አዴ ጫልቱ ይባላሉ፤ በረንዳ ላይ ጋቢ ደርበው ተቀምጠዋል። ልጅቷ ውሃ ልታመጣ ስትገባ ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

«ያንቺም እንደ እኔው ነው አይደል?» አሉኝ።

«እንዴት ነው የእርስዎ?»

«ካንሰር ነዋ» አሉ፤ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ከመጀመሪያው ቀን አውቄዋለሁ። ልጆቼ እንዳይደነግጡ ብዬ ነው የማላውቅ የመሰልኩት። እነሱ ሲያለቅሱ ካየሁ እኔ አልችልም።»

ልጅቷ ብርጭቆ ይዛ መጣች። ስሙን መንገር የእኔ ድርሻ አልነበረም። እናትየዋ ግን አንድ ጊዜ ወደ እኔ፣ አንድ ጊዜ ወደ ልጃቸው አዩና አጠገባቸው ያለውን ቦታ በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። «ኮቱ፣ ልጄ። ነይ፣ ተቀመጪ» አሉ። ስሙን ራሳቸው ጠሩት። ልጅቷ ብርጭቆውን እንደያዘች ተንበርክካ ጭናቸው ላይ ተደፋች፤ ውሃው በጋቢው ላይ ፈሰሰ፤ ሁለቱም ግድ አልነበራቸውም። ተነሥቼ ወደ ሽንኩርት ማሳው ሄድኩ፤ እስኪጠሩኝ ድረስ እዚያው ቆየሁ።

ፈጣሪን አመሰግናለሁ። ሆዴን ቀድደው ዕጢውን ያወጡትን፣ «አላውቅም» ለማለት የማያፍረውን ሐኪም፣ ነጠላዬን አፌ ላይ ያደረገችልኝን ነርስ አመሰግናለሁ። ሙሉን አመሰግናለሁ። ግርማንም አመሰግናለሁ፤ ፈርቶ ሳለ አልሸሸምና። እናንተ ታማሚዎች፣ ደም ካያችሁ ኪንታሮት ነው ብላችሁ እንደ እኔ አትቆዩ። የምትውጡትን ሁሉ፣ ቅጠልም ይሁን ጠበል፣ ለሐኪማችሁ ተናገሩ። እናንተ አስታማሚዎች፣ ስሙን አትደብቁ፤ ታማሚው ምናልባት ለእናንተ ሲል እየደበቀላችሁ ነው። መጠርጠርን እኔም አልተውኩም፣ ተዉም አልላችሁም። ብቻ የጠረጠራችሁትን ሰው አጠገባችሁ አስቀምጣችሁ ጠይቁት።